እስክስታ የሚያውቅ ሰው ግድግዳ ላይ ምን ያገኛል?

ሰላም ናችሁ? ባለፈው እትም አንዱን ጥያቄ ስመልስ አለት መውጣት እንደምወድ በጨረፍታ ጠቅሼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚሁ ጉዳይ ብዙ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ በሕይወቴ በጣም የምወዳቸውን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ አምጥታ ስለጠየቀችኝ መልሱ ረዝሟል፤ ታግሣችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ እህታችን ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጅ ሆኜ ጎንደር ውስጥ በቀበሌያችን ኪነት እወዛወዝ ነበር፤ እዚህ ከመጣሁም በኋላ በሠርግም ሆነ በእንቁጣጣሽ ከእስክስታው አልቀርም። ከሁለት ወር በፊት የሥራ ባልደረቦቼ አለት መውጣት የሚለማመዱበት፣ መያዣና መርገጫ የተተከለበት ግድግዳ ወዳለበት ጂም ይዘውኝ ሄዱ። ክንዴ ደካማ ነው፤ አንድ ፑል አፕ እንኳ አልሠራም። ግን ከእኔ በጣም ጠንካራ የሆነ ባልደረባዬ ያቃተውን አንዱን የመያዣዎች መስመር፣ «መንገድ» የሚሉትን፣ ወጣሁት። አሰልጣኟ አይታኝ «ዳንሰኛ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። በምን አወቀች? እውነት ሁለቱ ይገናኛሉ ወይስ ልታበረታታኝ ብላ ነው? ደግሞ አሁን ከበድ ወዳለው መንገድ ስገባ ክንዴ ድንጋይ እየሆነ እወድቃለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ? (ሀ.)

መልስ፦ እህቴ፣ አሰልጣኟ ያየችውን ነው የተናገረችው። እኔም ግድግዳ ላይ ያለ ሰው ውዝዋዜ ያውቅ እንደሆነ እግሩንና ወገቡን አይቼ እለያለሁ።

ጀማሪ ሲወጣ ልብ ብለሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ዓይኑ ሁሌ ወደ ላይ ነው፣ የሚቀጥለውን መያዣ ፍለጋ። እጁን ይሰዳል፣ ይይዛል፣ ከዚያ በክንዱ ራሱን ይጎትታል፣ እግሩ ደግሞ ከኋላ ተንጠልጥሎ ግድግዳውን ይቧጥጣል። ጉልበት ያለው ሰው እንዲህ እያደረገም ቀላሉን መንገድ ይጨርሰዋል። ከበድ ያለው ላይ ሲደርስ ግን ጉልበቱ መሃል መንገድ ላይ ያልቃል። የባልደረባሽ ነገርም ይኸው ይመስለኛል። አንቺ በክንድሽ መመካት ስለማትችዪ ሌላ መላ ያስፈልግሽ ነበር። መላውን ደግሞ ሰውነትሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ያውቀዋል።

መላው ክብደትን ማዘዋወር ነው። እስቲ አሁን ይህን እያነበብሽ ብድግ በይ። ግራ እግርሽንና ግራ ትከሻሽን ከቤትሽ ግድግዳ ጋር ልጥፍ አድርጊ። ከዚያ ቀኝ እግርሽን አንስተሽ ለመቆየት ሞክሪ። አልሆነም አይደል? አንድ እግር እንዲነሳ ክብደትሽ አስቀድሞ ወደ ሌላኛው እግር መሄድ አለበት፤ አሁን ግን ግድግዳው መንገዱን ዘጋብሽ። ተወዛዋዥ ይህን በቃል ባያስረዳም በወገቡ ያውቀዋል። እግሩን ከማንሳቱ በፊት ወገቡ ሄዷል። አለት የሚወጣ ሰውም የመጀመሪያ ትምህርቱ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ወገብ፣ ከዚያ እግር፣ እጅ መጨረሻ። እጅ ብዙውን ጊዜ ሚዛን ለመጠበቅ ነው እንጂ ለመጎተት አይደለም። ደረጃ ስትወጪ በእጅሽ ትጎተቻለሽ እንዴ?

እኔ ስጀምር ያስተማረኝ ሰው አንድ የባቄላ ፍሬ የምታህል መርገጫ አሳየኝና «ጫማሽ ሲያርፍ ድምፅ ከሰማሁ ወርደሽ እንደገና ትጀምሪያለሽ» አለኝ። አሥር ጊዜ ሳልወርድ አልቀረሁም። ዓይኔን ከመርገጫዋ እንዳልነቅል፣ የአውራ ጣቴ ጫፍ በትክክል እስኪያርፍባት ድረስ እንዳያት፣ ከዚያም ቀስ ብዬ ክብደቴን እንዳወርድባት ነበር የሚፈልገው። ያን ቀን ትዝ ያለኝ የኪነት አሰልጣኛችን ነው። ትከሻ ስንሰብቅ እግራችን ወለሉን ከመታ ከበሮውን ያስቆምና «ትከሻ ነው ያልኳችሁ፣ እግሩን ማን ጠራው?» ይለን ነበር።

እዚህ ጋ ወደ ክንድሽ ልምጣ። እስክስታ ከባድ የሚሆነው ትከሻ ማንቀጥቀጡ አይደለም። ትከሻው እየሠራ ሌላው ሰውነት ዝም ማለቱ ነው። ወገብ አይረበሽም፣ እጅ አይጨበጥም፣ ፊት አይጨማደድም። ግድግዳ ላይ ስትወጪ ግን ይህንን ሁሉ ረስተሽ ይሆናል። መንጋጋሽን ትነክሻለሽ፣ ትከሻሽ ጆሮሽ ድረስ ይወጣል፣ በሦስት ጣት የሚያዘውን በሙሉ ጉልበትሽ ትጨብጪዋለሽ። የክንድ ጡንቻ እንዲህ ተጨምቆ ሲቆይ በውስጡ ያሉት የደም ሥሮች አብረው ይጨመቃሉ፤ ደም እንደልቡ አይገባም፣ ቆሻሻውም አይወጣም። ክንዱ ይነፋል፣ ይጠጥራል፣ ጣት አልታዘዝ ይላል። ድንጋይ ሆነ ያልሽው ይህ ነው። መድኃኒቱ የግድ ተጨማሪ ጡንቻ አይደለም። ክንድሽን ቀጥ አድርገሽ ተንጠልጠዪ፤ የታጠፈ ክንድ ጡንቻ ይበላል፣ ቀጥ ያለ ክንድ ግን በአጥንትና በጅማት ይሸከማል። ትከሻሽን ግን ሙሉ በሙሉ አትልቀቂው፣ ወደ ታች ሰብሰብ አድርገሽ ያዢው። ጥሩ መርገጫ ስታገኚ ቆም በይ፣ አንዱን እጅ ወደ ታች ለቀሽ አራግፊ፣ ከዚያ ሌላውን።

ትንፋሽም አለ። ጎንደር ላደገ ሰው ይህን መንገር አያስፈልግም ነበር፤ ትከሻው ሲጠብቅ በጥርስ መሃል የምናስወጣትን «እስ… እስ…» አስታውሺ። ማሟሟቂያ ብቻ አይደለችም። ጡንቻው በሚሠራበት ቅጽበት ትንፋሽ ታስወጣለች፣ ሰውነት እንዳይቆለፍ ታደርጋለች። በከባድ እርምጃ ላይ ትንፋሻቸውን ይዘው የሚቀሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ አስቸጋሪ ቦታ ስደርስ ዛሬም «እስ» እላለሁ፣ ጮክ ብዬ። አጠገቤ ያሉት ዞር ብለው ያዩኛል፤ ይዩኝ፣ ይሠራል።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከእስክስታው ይበልጥ የሚጠቅምሽ የወላይታው ጭፈራ ነው። ወገብ! ከግድግዳው የራቀ ወገብ ክብደትሽን ከእግርሽ ላይ ያነሳና ወደ ጣቶችሽ ይጭነዋል። ወገብሽን ወደ ግድግዳው አስጠጊው፣ ከዚያ አሽከርክሪው። ቀኝ እጅሽ ሩቅ ያለ መያዣ ከፈለገ ፊት ለፊት ቆመሽ አትንጠራሪ፣ ቀኝ ዳሌሽን ግድግዳው ላይ አዙሪው። ትከሻሽ አብሮ ይዞራል፣ እጅሽም ቀላል የማይባል ርቀት ይጨምራል። የግራ እግርሽ መርገጫ ካጣ አየር ላይ ወደ ጎን ዘርጊው፤ ሳይረግጥም ሚዛን ይጠብቅልሻል። ይህንን ጓደኞችሽ ወራት ፈጅቶባቸው ይማሩታል። አንቺ በአንድ ቀን ታገኚዋለሽ ብዬ አምናለሁ።

ምቱስ? ግድግዳ ላይ ከበሮ የለም፤ የጂሙ ሙዚቃም ካንቺ ጋር አይሄድም። ግን ጎበዝ ወጪ ስታዪ ምት አለው። ሦስት እርምጃ ፈጠን፣ አንድ ረጅም እረፍት፣ ቀስ ያለ መዞር፣ ከዚያ ዝላይ። ዝላዩ ራሱ የሚያምር ምስጢር አለው። በውዝዋዜ ወደ ላይ ስትዘዪ ሰውነትሽ መውጣቱን ያቆመበት፣ መውረዱን ግን ያልጀመረበት አንዲት ቅጽበት አለች፤ ቀሚስሽ እንኳ አየር ላይ ዝም ይላል። አለት የሚወጡ ሰዎች እጃቸውን የሚሰዱት በዚያች ቅጽበት ነው። ከዚያ በፊት ከሆነ መያዣው ገና ሩቅ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ እየወደቁ ነው የሚይዙት።

እርምጃን በቃል ማጥናትም አለ። በውድድር ላይ ወጪዎች ከመጀመራቸው በፊት መንገዱን ከታች ሆነው የሚያዩበት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ያን ጊዜ እጃቸውን አየር ላይ እያነሱ፣ ወገባቸውን እያዞሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲለማመዱ ላየ ሰው ከመድረክ ጀርባ ያሉ ተወዛዋዦች ናቸው የሚመስሉት። የፍጥነት ውድድሩ ደግሞ ጭራሽ የተጠና ዳንስ ነው። ግድግዳው 15 ሜትር ነው፣ መያዣዎቹ በየትኛውም አገር ውድድር አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ናቸው፤ ፖላንዳዊቷ አሌክሳንድራ ሚሮስላቭ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ በ6.06 ሰከንድ ጨረሰችው። እያንዳንዱ እርምጃ ሺህ ጊዜ ካልተደጋገመ እንዲህ አይሆንም።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። በ2011 ዓ.ም. ገርዓልታ ሄጄ ወደ አቡነ የማታ ጉህ ወጥቼ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ገደል ላይ የተፈለፈለ ነው፤ መንገዱ ላይ ቀጥ ያለ አለት አለ፣ ጫማ አውልቀሽ ነው የምትወጪው። እናቶች ልጃቸውን አዝለው ክርስትና ሊያስነሱ በዚያው ይወጣሉ። እኔ በጂም የተማርኩትን ሁሉ ይዤ ልቤ እየመታ ስወጣ ከፊቴ አንድ አረጋዊ ቄስ ነበሩ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ በባዶ እግራቸው ናቸው። አይቸኩሉም፣ አይጎተቱም። ወደ ቀኝ ዘንበል ይላሉ፣ ይቆያሉ፣ ከዚያ ግራ እግራቸው በራሱ ጊዜ የሚነሳ ይመስላል። የት እንዳየሁት አእምሮዬ ሲፈልግ ቆየና መጣልኝ፤ ማኅሌት ላይ ነው። ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው ሲዘምሙ ያለው ያ ቀስ ያለ፣ ከአንድ እግር ወደ ሌላው የሚፈስ ክብደት። ላይ ስንደርስ ትንፋሻቸው እንኳ አልተቆረጠም ነበር።

ልዩነቱን ግን አልደብቅሽም። መድረክ ላይ እርምጃ ብትረሺ ፈገግ ብለሽ በሚቀጥለው ምት ትገቢያለሽ፣ ተመልካቹም ላያውቅ ይችላል። ግድግዳ ላይ ትወድቂያለሽ። ደግሞ በውዝዋዜ ፊት ለፊትሽ ያለው ሰው ትከሻሽን አይቶ ይከተልሻል፤ ድንጋይ አይከተልሽም፣ አንቺ ነሽ ቅርጹን የምትከተዪው። የሚከተልሽ ሰው ካለ ከታች ገመድሽን የያዘው ነው። ስትወጪ ገመዱን ይሰበስባል፣ ስትደክሚ ያጠብቃል፣ ዓይኑን ካንቺ አይነቅልም። ደብረ ዳሞን ሴት ስለማይወጣ ከሥር ቆሜ ነው ያየሁት፤ ወደ 15 ሜትር በሚሆነው ገደል ላይ ወጪው ጠፍሩን ይዞ እግሩን ከአለቱ ጋር እያስማማ ሲወጣ፣ ወገቡ ላይ የታሰረውን ሌላ ገመድ ከላይ ያሉት መነኩሴ በሱ ፍጥነት ይስቡለታል፤ ቢቸኩሉ ይጥሉታል፣ ቢዘገዩ ገመዱ ይላላል። ከዚያ የተሻለ ጥንድ ጭፈራ አላየሁም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከባዱን መንገድ ተዪውና ቀላሉን ሦስት ጊዜ ውጪ። አንደኛውን ያለ ድምፅ፣ ሁለተኛውን ክንድሽን ሳታጥፊ፣ ሦስተኛውን የምትወጂውን ዘፈን በልብሽ እያዜምሽ። ከዚያ ወደ ከባዱ ሂጂ። ምን እንደሆነ ጻፊልኝ፣ እውነቴን ነው፣ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። የ13 ዓመት ልጄን ባህሏን እንድታውቅ ብዬ ለአምስት ዓመት በየቅዳሜው ወደ ማኅበራችን የውዝዋዜ ቡድን አመላልሻት ነበር። አሁን «ግድግዳ መውጣት ነው የምፈልገው» ብላ ውዝዋዜውን ተወችው። አንደኛ፣ ይህ ለሴት ልጅ አደጋ የለውም ወይ? ሁለተኛ፣ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ቀረ ማለት ነው? (አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልፋትዎ ከንቱ አልቀረም። ላይ ለእህታችን የመለስኩትን ቢያነቡት ልጅዎ ምን ይዛ ወደ ግድግዳው እንደሄደች ይረዱታል። አምስት ዓመት የተወዛወዘች ልጅ ሌሎቹ የሌላቸውን ሚዛን ይዛለች።

ሁለቱን አንድ ያደረጉ ሰዎችም አሉ። አሜሪካዊቷ አሚሊያ ሩዶልፍ ዳንሰኛም አለት ወጪም ነበረች፤ አንዱን መምረጥ ስላልፈለገች እ.ኤ.አ. በ1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ ባንዳሉፕ የሚባለውን ቡድን መሠረተች። ዳንሰኞቹ በገመድ ታስረው በሕንፃና በገደል ግድግዳ ላይ ወደ ጎን ሆነው ይደንሳሉ። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ትሪሻ ብራውን የተባለችው የዳንስ ቀማሪ ኒው ዮርክ ላይ አንድ ሰው በገመድ ታስሮ ከሕንፃ ጣሪያ ጀምሮ በግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ እየተራመደ እንዲወርድ አድርጋለች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 2024 ደግሞ በፓሪስ ኦሊምፒክ ስሎቬኒያዊቷ ያንያ ጋርንብሬት «ለ ቡርዤ» በሚባለው ስፍራ በግድግዳ መውጣት ወርቅ ስትወስድ፣ በዚያው ቀን ኮንኮርድ አደባባይ ላይ ወንዶቹ በብሬክ ዳንስ ለወርቅ ይፋለሙ ነበር። አንደኛው በዳኛ ዓይን፣ ሌላኛው በተያዘው መያዣ ይለካል እንጂ ሁለቱም ሚዛን ነው የሚፈትኑት።

«ለሴት ልጅ» ያሉትን ግን በደንብ ልመልስ። ካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ ውስጥ ኤል ካፒታን የሚባል ወደ 900 ሜትር የሚደርስ አለት አለ። ኖዝ የተባለውን መንገዱን በገመድ ሳይጎተት፣ ገመዱን ለመጠንቀቂያ ብቻ ይዞ፣ በእጅና በእግሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨረሰ ወንድ አይደለም። ሊን ሂል ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1993። በዓመቱ ተመልሳ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ደገመችው። ቁመቷ አጭር ነው፤ በልጅነቷ ጂምናስቲክ ትሠራ ነበር። ሰውነትን በሥርዓት ማንቀሳቀስ በልጅነት የገባት ሰው ናት።

አደጋውን በተመለከተ፣ ሥርዓት ባለው ጂም በአሰልጣኝና በገመድ የሚሠራ ከሆነ ያን ያህል አይስጉ። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ይያዙልኝ። በልጅዎ ዕድሜ የጣት አጥንት ገና እያደገ ነው፤ የሚያድግበት ቦታ ከቀሪው አጥንት ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ በጣት ብቻ የመንጠልጠል ከባድ ልምምድ ሊጎዳው ይችላል። በጠባብ የእንጨት ጠርዝ ላይ በጣት ጫፍ እየተንጠለጠሉ ጣት ማጠንከር ለአዋቂዎች ይቆይ። የጣቷ መገጣጠሚያ አካባቢ ሳይለቅ የሚያማት ከሆነ «ትንሽ ነው» ብላ እንዳትውጠው፣ አሳርፈው ሐኪም ያሳዩአት። መውጣቱን በራሱ ግን አይከልክሏት።

ደግሞ አብረዋት ይሂዱ። በጀርመን የአልፓይን ማኅበሩ ብዙ የመውጫ አዳራሾች አሉት፣ የገመድ አያያዝ ኮርስም ይሰጣል፤ ኮርሱን ይውሰዱና የልጅዎን ገመድ እርስዎ ይያዙላት። ስለ ውዝዋዜው አይጨቅጭቋት። ይልቅ አንድ ቅዳሜ ከመውጣቷ በፊት ሰውነቷን ስታፍታታ «እስቲ ያቺን ትከሻ አሳዪኝ» ይበሏት።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። አዲስ አበባ ነኝ፣ 19 ዓመቴ ነው፣ ዘመናዊ ዳንስ እሠራለሁ። ሦስት ሆነን ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ላይ ያለ ገመድ ልንሞክር አስበናል። ዳንስ ስለምንችል ሚዛናችን ጥሩ ነው። ምን ትያለሽ? (ዮ.)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከፍ ያለውን አትሞክሩት። ሚዛናችሁ ጥሩ መሆኑን አምናለሁ። ግን ዳንስ አለትን ማንበብ አያስተምርም፤ የትኛው ጠርዝ በእጅ ሲያዝ እንደሚፈረከስ፣ እርጥብ ድንጋይ እንዴት እንደሚያንሸራትት፣ መውጣት ከመውረድ ምን ያህል እንደሚቀል የሚታወቀው ከሚያውቅ ሰው ጋር በመሥራት ብቻ ነው። ገመድም ቢኖራችሁ ካልተማራችሁበት አያድናችሁም።

እስከዚያ ሥራ አለላችሁ። እግራችሁ ከመሬት አንድ ሜትር የማይበልጥ ከፍ የሚልበት፣ ሥሩ ድንጋይ የሌለበት ለጥ ያለ ቦታ ፈልጉ። ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ሂዱ። አንዱ ሲሄድ ሁለቱ ከኋላው እጃቸውን ዘርግተው ይቁሙ፤ ቢወድቅ ለመሸከም ሳይሆን ጭንቅላቱንና ጀርባውን ከመሬት ለማትረፍ። መጀመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ያንኑ መንገድ ተመለሱ። መመለሱ ይበልጥ ያስተምራችኋል። ሲያቅታችሁ አትዝለሉ፣ በወጣችሁበት ውረዱ። ሦስታችሁም ያንን መንገድ የእግራችሁ ድምፅ ሳይሰማ ሄዳችሁ መመለስ ስትችሉ ንገረኝ፣ ቀጣዩን አብረን እናስባለን።